ከጎዳና ነዋሪዎች ጋር ሙዚቃዊ ተውኔት የማዘጋጀት የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ቤት አልባነትን፣ እምነትንና ተስፋን ርእሱ ያደረገ ሙዚቃዊ ተውኔት በአዲስ አበባ ወይም በሌሎች ከተሞቻችን ለማቅረብ ለሚያስቡ የሰፈር ወጣቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤትና የጀመዓ አባላት፣ እድሮችና የአማተር ቴአትር ክበባት ነው። ሥራው ስለ ጎዳና ነዋሪዎች ተጽፎ በሌሎች ሰዎች የሚቀርብ ትርኢት አይደለም። ታሪኩን የሚያወጡት፣ ግጥሙን የሚቋጥሩትና መድረክ ላይ የሚቆሙት በረንዳ ያደሩ ወይም አሁንም የሚያድሩ ሰዎች ናቸው፤ የቡድኑ ድርሻ ሙያውንና አደረጃጀቱን ማገዝ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ሥራውን ሁሉ የሚገዛ አንድ ነገር መባል አለበት። ጎዳና የሚያድር ሰው ታሪኩን መናገር አዲስ አይሆንበትም። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍና በመስጊድ በር፣ የሕክምና ወረቀት በእጁ ይዞ፣ አንዳንዴም በድምፅ ማጉያ ከሚለመንበት መኪና አጠገብ ቆሞ የክፉ ቀኑን ነገር በየዕለቱ ለአላፊ አግዳሚው ይተርካል፤ የትኛው ቃል ሳንቲም እንደሚያስወጣና የትኛው እንደማያስወጣም ጠንቅቆ ያውቃል። ሙዚቃዊ ተውኔቱ ይህንኑ ታሪክ በመብራትና በክራር አጅቦ እንደገና ካስነገረው ልመናን ወደ መድረክ ከማውጣት ያለፈ የሠራው ነገር የለም። ስለዚህ ከሚቀርበው ምግብ እስከ መጨረሻው ዜማ ድረስ በእያንዳንዱ ውሳኔ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣት ይኖርበታል፤ ይህ አሠራር ሰውየውን እንደገና ያስለምነዋል ወይስ አያስለምነውም?

ጊዜውን መቁረጥ

ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ትርኢቱ አራት ወር ገደማ ያስፈልጋል፤ አመቺው ወቅትም ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ነው። ሐምሌና ነሐሴ የላስቲክ ቤት በጎርፍ የሚወሰድበትና ሰው ደረቅ መጠለያ ፍለጋ ከሰፈር ሰፈር የሚዘዋወርበት ጊዜ በመሆኑ፣ ዛሬ የመጣ ተሳታፊ በሚቀጥለው ሳምንት የት እንደሚገኝ ማወቅ ያዳግታል። በሌላ በኩል ሥራው ከጥር ካለፈ ወደ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በሁዳዴ ከበገና በቀር የዜማ መሣሪያ መስማት የማይፈልጉ ምእመናን ብዙ ናቸው። ረመዳንም በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ በእነዚህ ዓመታት ከሁዳዴ ጋር የካቲት አካባቢ ገጥሟል። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ያሉት የጥር ቀናት ለትርኢት ከሁሉ የተሻሉ ናቸው።

የልምምድ ቀን ሲመረጥ አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የሚያዩት የራሳቸውን የሥራና የትምህርት ሰዓት ነው። ለተሳታፊዎቹ ግን ወሩ የሚቆጠረው በሌላ መንገድ ነው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በየሳምንቱም ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በፊትና በኋላ ደጃፍ ላይ መገኘት የሳምንት እንጀራ ነው። ልምምዱ ማክሰኞና ሐሙስ እንዲሆን ከተወሰነ፣ ቀኑ ከእነዚህ በዓላት በአንዱ ላይ በዋለ ቁጥር ወደ ሌላ ቀን መተላለፍ አለበት። ታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በመሆኑ አንዳንዶቹ ወደዚያው ሊጓዙ ስለሚችሉ፣ በዚያ ሳምንት ዋና ነገር ባይያዝ ይመረጣል።

ቦታ፣ ማዕድና አበል

የልምምዱ ቦታ ተሳታፊዎቹ በእግር የሚደርሱበት፣ መጸዳጃና የመታጠቢያ ውኃ ያለው መሆን ይኖርበታል። የወረዳ አዳራሽ፣ የወጣት ማእከል ወይም የእድር ቤት ይበቃል። ቡድኑ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የያዘ ከሆነ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ግቢ ባይመረጥ ጥሩ ነው፤ ግቢው የተፈቀደ ቢሆን እንኳ አንዱ ወገን እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ በላይ የሚረሳው ነገር የሚቆለፍ ክፍል ነው። ሜዳ የሚያድር ሰው ብርድ ልብሱን፣ ካርቶኑንና ላስቲኩን የሚያስቀምጥበት ስለሌለው ልምምድ የሚመጣው ጓዙን ተሸክሞ ነው፤ ጓዙ የት እንዳለ እያሰበም መዝፈን አይችልም። እድር ያለበት ሰፈር ከሆነ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሰሐን ከዚያው መዋስ ይቻላል።

ምግብ የሚቀርበው ከልምምዱ በፊት ነው። በኋላ የሚቀርብ ምግብ የሥራ ደመወዝ መምሰሉ ብቻ ሳይሆን፣ ባዶ ሆድ ከአንድ ሰዓት በላይ ድምፅ ማውጣትም አያስችልም። ማዕዱ ሁልጊዜ የጾም ይሁን፤ ሽሮ፣ ምስርና አትክልት የረቡዕንና የዓርብን ጾም ከማክበሩም በላይ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ የሚለውን ጥያቄ ከሥሩ ያስቀረዋል። አዘጋጆቹም ቆመው የሚያስተናግዱ ሳይሆኑ ከዚያው ትሪ አብረው የሚቆርሱ መሆን አለባቸው።

አበሉ በአካባቢው የቀን ሠራተኛ በግማሽ ቀን ከሚያገኘው ያላነሰ ሆኖ በዕለቱ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል። ልምምድ የመጣ ሰው በዚያ ሰዓት መሸከም፣ መኪና ማጠብ ወይም ደጅ መቀመጥ ይችል ነበር፤ ያጣውን አለመተካት ሥራውን ከሌላቸው በነፃ መውሰድ ነው። ክፍያው ለተናገረውም ዝም ላለውም እኩል መሆን ይገባዋል። የበለጠ ያስለቀሰ የበለጠ የሚከፈለው ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ደጃፉ ላይ ነን ማለት ነው።

ተሳታፊዎችን ማግኘት

በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ በድምፅ ማጉያ መጣራት አይገባም። ቡድኑ በሰፈሩ የሚታመን ሰው ይዞ መሄድ አለበት፤ ይህም ሰው የደብሩ ዘበኛ፣ ማለዳ ሻይ የምትሸጠው እናት፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ሊስትሮ ወይም በአካባቢው የሚሠራ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ሃያ አምስት ሰው ተጋብዞ ዐሥራ አምስቱ ቢዘልቁ ሥራው የተሳካ ነው። ከክፍለ ሀገር የመጡ አረጋውያን፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ የቀን ሥራ ፈላጊ ወጣቶች፣ ከዐረብ አገር ተመልሰው ቤተሰባቸው ዘንድ መግባት ያቃታቸው ሴቶች ቢደባለቁ ታሪኩ አንድ መልክ ብቻ አይኖረውም። ከእነዚህ ጋር ቤት ያላቸው ጥቂት የሰፈሩ ዘማሪዎችና መንዙማ አውጪዎች ቢጨመሩ መልካም ነው፤ መሪውን ድምፅ ግን አይያዙ።

ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን በተመለከተ የእኔ አቋም ጥብቅ ነው። አስቀድሞ በኃላፊነት የሚከታተላቸው ተቋምና አሳዳጊ ከሌለ በስተቀር በመጀመሪያው ትርኢት ባይሳተፉ ይሻላል፤ ቢሳተፉም የራሳቸውን ታሪክ ፈጽሞ አይናገሩም።

በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ሰው በምን ስም ሊጠራ እንደሚወድ ይጠየቃል። በአውራ ጎዳናው ላይ ደንብ አስከባሪውም አላፊውም "አንተ"፣ "አንቺ" ይላቸዋልና፣ በዕድሜ የገፉትን "እርስዎ" ማለት፣ አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ፣ እትዬ ብሎ መጥራት ከረዥም የትውውቅ ንግግር የበለጠ ሥራ ይሠራል።

ፈቃድ በዚህ ሥራ አንዴ ተፈርሞ የሚያልቅ ወረቀት አይደለም። በከተማው በረንዳ ከሚያድሩት ብዙዎቹ ለቤተሰባቸው "ሥራ ይዣለሁ" ብለው የነገሩ ናቸው፤ አንድ የስልክ ቪዲዮ በማግሥቱ እናት እጅ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በልምምድ ሰዓት ቀረጻ የለም፤ ስልኮች ሁሉ፣ የአዘጋጆቹ ቀድመው፣ በአንድ ቅርጫት ይቀመጣሉ። ማንም ሰው እስከ ትርኢቱ ዋዜማ ድረስ ታሪኩን የማስወጣት መብት እንዳለው በየሳምንቱ በቃል ይነገራል።

ታሪክ ማውጣት

ይህ ክፍል አራት ሳምንት ይፈልጋል፤ ሊያጥርም አይገባውም። "እንዴት ጎዳና ወጣህ?" የሚለው ጥያቄ ግን በአራቱም ሳምንታት አይጠየቅም። መልሱ በሰውየው አፍ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ፣ ለመጽዋች የሚነገር ታሪክ ነውና ተውኔቱን ወደ ተለመደው ለቅሶ ይመልሰዋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰዉ ክብ ሠርቶ ይቀመጥና ተረት ይነገራል። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ብሎ የማይመልስ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ በሌላ ቋንቋ ያደገውም የራሱን መክፈቻ ለቡድኑ ያስተምራል። ከወሎ፣ ከጋሞ፣ ከጉራጌ፣ ከሐረርጌ የመጡ ሰዎች የአያቶቻቸውን ተረት ሲያወጡ ሁለት ነገር ይታያል፤ ማን ሰዓሊ አንደበት እንዳለው፣ ማንስ አድማጭን ማሳቅ እንደሚችል። ቡድኑ ከዚህ ቀን የሚይዘው ማስታወሻ የተዋናይ ምርጫ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄው ስለ ዕቃ ነው። ሌሊት ደንብ አስከባሪ መጥቶ ቦታ ልቀቁ ቢል መጀመሪያ የሚነሣው የትኛው ዕቃ ነው? የጸበል ጠርሙስ፣ መቁጠሪያ፣ ሙሰበሃ፣ የደበዘዘ ፎቶግራፍ፣ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ይወጣሉ። ስለ ዕቃው የተናገረ ሰው ስለ ራሱ ምንም ሳይባል ስለ ራሱ ይናገራል፤ ምን ያህል መናገር እንዳለበትም የሚወስነው እርሱ ነው። ለእምነቱ ክፍል የሚሆነው ነገር አብዛኛው የሚገኘው ከዚህ ሳምንት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት የከተማው ካርታ ይሠራል። የትኛው በረንዳ ዝናብ አያስገባም፣ የትኛው ሆቴል ቡሌውን (የተራረፈውን ምግብ) በስንት ሰዓት ያወጣል፣ የትኛው ዘበኛ ደግ ነው፣ የትኛው ጥግ ለሴት ያሰጋል? እዚህ ላይ ተሳታፊዎቹ መምህራን፣ አዘጋጆቹ ተማሪዎች ይሆናሉ፤ ሳቁም በብዛት የሚወጣው በዚህ ቀን ነው። ሳቅ የሌለበት የጎዳና ተውኔት ጎዳናን አያውቅም። በአራተኛው ሳምንት ደግሞ ዜማ ብቻ ይሰበሰባል፤ እሹሩሩ፣ ሙሾ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የወፍጮና የአውድማ እንጉርጉሮ።

የተነገረው ነገር በዕለቱ አይጻፍም። ተናጋሪው በሚቀጥለው ስብሰባ ተመልሶ "ይጻፍ" ሲል ብቻ ጸሐፊው ይጽፋል፤ የጻፈውንም ጮክ ብሎ ያነብለታል፤ ያልወደደው ይሰረዛል። ለቅሶ ከመጣ ማንም "ቀጥል" አይበለው፤ ሻይ ይቅረብ፣ ክቡ ይፍታ፣ አብሮት የሚቀመጥ ሰው አስቀድሞ ተመድቦ ይኑር። በአቅራቢያው የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ታሪኩን ማቀናበር

ዋናው ሕግ ማንም የራሱን ታሪክ አይተውንም የሚለው ነው። የሦስት ሰዎች ገጠመኝ በአንድ ገጸ ባሕርይ ይዋሃዳል፤ የትውልድ ቦታ፣ የሥራ ዓይነት፣ የሚሳሉበት ታቦት ሁሉ ይለወጣል። የወጣቱን ነገር አዛውንቱ፣ የአዛውንቱን ወጣቷ ስትይዘው ተዋናዩ የሚናገረው ስለ ሌላ ሰው ስለሚሆን ቁስሉን እየነካካ አይጫወትም፤ ተመልካቹም "ይህ እውነት የእርሷ ነው?" ብሎ ከመገመት ይገታል።

መዋቅሩ አንድ ሌሊት ቢሆን እመርጣለሁ። ሌሊቱ ራሱ ሥርዓት አለው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሱቆች እየተዘጉ በረንዳዎች ይለቀቃሉ፣ 3 ሰዓት ላይ ካርቶን ይነጠፋል፣ እኩለ ሌሊት ብርዱ ይበረታል ወይም ደንብ አስከባሪ ይመጣል፣ ንጋት ሲቃረብ ማሕሌቱ ከሩቅ ይሰማል፣ ወደ 11 ሰዓት የሱብሒ አዛን ይወጣል፣ ትንሽ ቆይቶ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ከተማውን ያስነሣዋል። በዚህ ውስጥ አራት ትዕይንትና ሰባት ወይም ስምንት ዜማ ይገባል። ጠቅላላው ከአንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ባይበልጥ ደግ ነው፤ የዕረፍት ጊዜ ከተሰጠ ተዋናዮቹን መሰብሰብ ይከብዳል።

እምነትን መድረክ ላይ ማውጣት

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በበረንዳ ያለ እምነት የሰላም መዝሙር ብቻ አይደለም። ሰዓቱ የሚታወቀው በደወሉና በአዛኑ ነው፤ ወሩ የሚቆጠረው በታቦታቱ ነው፤ የሚጠጣው ውኃ እንኳ አንዳንዴ ጸበል ብቻ ነው። ከዚያው ጋር ግን "ለምን እኔን?" የሚል ብርቱ ክርክር ከፈጣሪ ጋር አለ፤ ሰዎቹም ይህን በምስጋናቸው መካከል ያለ አንዳች ሐፍረት ይናገሩታል። ተውኔቱ ምስጋናውን ወስዶ ክርክሩን ከተወ ግማሽ ሰው ነው ያቀረበው። መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ የሚያውቅ ሁሉ እንዲህ ያለ ጩኸት ለጸሎት እንግዳ እንዳልሆነ ያውቃል።

የተቀደሰውን ነገር በተመለከተ ወሰን ማበጀት ያስፈልጋል። ቅዳሴና የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ የካህናት ልብሰ ተክህኖ፣ የቁርኣን ንባብ የትዕይንት ማጀቢያ አይሆኑም፤ ለመድረኩ የሚዘመረው ሁሉ አዲስ የተቋጠረ መሆን አለበት። የደብሩ አንድ መምህርና አንድ ኡስታዝ ጽሑፉን ቀድመው እንዲያዩት ማድረግ ከኋላ ቅሬታ ያድናል። ሆኖም የእነርሱ አስተያየት ቅዱስ ነገር ያለ ቦታው እንዳይውል ለመጠበቅ ነው እንጂ የተሳታፊውን እሮሮ ለማለዘብ አይደለም፤ ይህ ልዩነት ከመጀመሪያው ውይይት ላይ በግልጽ ቢነገር ይሻላል። ገንዘብ የሚሰጥ ወገን ታሪኩ ወደ እርሱ ሃይማኖት በመግባት እንዲደመደም ከጠየቀ ገንዘቡ መመለስ አለበት።

ከባህላችን ለዚህ ክፍል የሚጠቅም አንድ ቅርጽ አለ። ላሊበላዎች ጎህ ሲቀድ በሰው ደጅ ቆመው በዜማ የባለቤቱን ስም እያነሡ ይለምናሉ፤ ሲሰጣቸው ይመርቃሉ። ሰጪውም ባዶ እጁን አይቀርም። በተውኔቱ የንጋት ትዕይንት ተዋናዮቹ በዚያ ዓይነት ዜማ ተመልካቹን ይመርቁት፤ ነገር ግን ምንም አይጠይቁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም "አሜን"፣ "አሚን" የሚልበት ይህ ምርቃት የልመናውን ሥርዓት ከነቅርጹ ይዞ ልመናውን ያወጣዋል።

ዜማና ግጥም

ግጥሙን አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ከጻፈው የጎዳናው ቋንቋ ይጠፋል። የተሻለው መንገድ የአዝማሪ ቤት ልማድ ነው። ክራር ወይም ማሲንቆ የሚጫወተው ሰው መሐል ይቀመጣል፣ አንዱ ተሳታፊ "ተቀበል" ብሎ ስንኝ ይወረውራል፣ ተጫዋቹ በዜማ ይመልሰዋል፣ ሌላው ቤት ይመታለታል። ለምሳሌ ስለ መታወቂያ ክልከላ ሲወራ እንዲህ ያለ ነገር ሊወጣ ይችላል፤

የቤት ቁጥር የለኝ፣ ማን ይጽፍልኛል፤
ካርቶኔን አንጥፌ፣ ሰማይ ይቆጥረኛል።

እንዲህ ዓይነት ስንኝ ሲወጣ አዘጋጁ የሚሠራው በቶሎ መያዝና አለማሳመር ነው። ሰም ያለው ግጥም ወርቁን ራሱ ያገኛል።

ከአራቱ ቅኝቶች ትዝታ ለኀዘን የሚቀርብ በመሆኑ ሁሉንም ዜማ ወደ ራሱ ይስባል፤ ለአንድ ዜማ ብቻ ቢፈቀድለት ይበቃዋል። የመክፈቻው ዜማ ፈጠን ባለ ምት በባቲ ቢሆን፣ ክርክሩ በአንቺሆዬ፣ ምርቃቱ በአምባሰል ቢወጣ ጆሮ አይሰለችም። ለመሣሪያ ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ ይበቃሉ። በገና የሚደረድር ሰው ከተገኘና ፈቃደኛ ከሆነ ለሌሊቱ ክርክር ብቻ ለብቻው ይደርድር፤ ውዝዋዜም ጭብጨባም አይታከልበት። ብርድ ያደረበት ድምፅ ስለሚሻክር ዜማው ዝቅ ብሎ ይቃኝ፤ መሪው ቢጎድል ተቀባዮቹ ይዘውት እንዲሄዱ፣ በመንዙማ እንደሚደረገው፣ አዝማቹ አጭርና ተደጋጋሚ ይሁን።

ልምምድ

ሁሉም ማንበብ ስለማይችል ጽሑፍ አይታደልም፤ ቃለ ተውኔቱ በጆሮ ይጠናል፣ መግቢያና መውጫውም በዜማው ምልክት ይታወቃል። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሁለት ሰው ይዘጋጃል፤ አንዱ ቢታመም፣ የቀን ሥራ ቢያገኝ ወይም በአፈሳ ቢወሰድ ሌላው ይተካል። ጠጥቶ ወይም ማስቲሽ ስቦ የመጣ ሰው ምግቡን በልቶ አረፍ ይላል፤ በዚያ ቀን አይለማመድም፣ አይባረርም። ከዚህ በላይ ስለ ልምምድ የሚባለው ከማናቸውም የአማተር ቴአትር የተለየ አይደለም።

የመስኮቱ ትዕይንት

በታሪክ ማውጫ ሳምንታት በአብዛኛው የሚደጋገም አንድ ጉዳይ አለ። ሥራ ለመቀጠር መታወቂያና ዋስ ይጠየቃል፤ ለመታወቂያ የቤት ቁጥር ይጠየቃል፤ የቤት ቁጥር እንዲኖር ቤት መከራየት፣ ለመከራየት ደግሞ ሥራ ያስፈልጋል። ይህ በወረዳው መስኮት ፊት የሚሆን አንድ አጭር ትዕይንት ሆኖ በቀን ትዝታ መልክ በሌሊቱ መሐል ይገባል።

ይህን ትዕይንት ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦዋል ባስተማረው መንገድ ማቅረብ ይጠቅማል። ትዕይንቱ አንዴ እስከ ሽንፈቱ ድረስ ይታያል፤ ከዚያ እንደገና ሲጀመር ከተመልካቹ አንዱ "ቁም" ብሎ ይነሣና የአመልካቹን ቦታ ወስዶ ሌላ ነገር ይሞክራል፤ ጸሐፊውን የሚጫወተው ተዋናይ ግን ደንቡን አይለቅም። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው ካርድቦርድ ሲቲዝንስ የተባለው ቡድን ቤት አልባነትን ካዩ ተዋናዮች ጋር ይህንኑ ዘዴ ሲሠራበት ቆይቷል። ቦዋል ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል በነበረበት ጊዜ ከእንዲህ ዓይነት ትርኢቶች የተገኙ ሐሳቦችን ወደ ሕግ ረቂቅነት አድርሷል። ስለዚህ የወረዳው ኃላፊዎች ሊጋበዙ ይገባል፤ በክብር ወንበር ላይ ሳይሆን "ቁም" ሊሉ በሚችሉበት መካከለኛ ረድፍ ይቀመጡ፤ በትዕይንቱ ወቅት የሚነሡ ሐሳቦችን የሚመዘግብ ሰውም ይኑር።

ተስፋውን ከየት ማምጣት እንደሚገባ

ቀላሉ መጨረሻ አንድ ባለጸጋ መጥቶ ቤት የሚሰጥበት ነው። ተመልካቹ ያለቅሳል፣ ያጨበጭባል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ተዋናዮቹ ግን ወደ በረንዳቸው ይመለሳሉ፤ ቤቱን ያላገኙትም ከተስፋው ውጭ መሆናቸውን መድረኩ ራሱ ነግሯቸዋል። ተስፋ ከታሪኮቹ ውስጥ ተፈልጎ ይወጣል። በሌሊት ጓዝ የሚጠብቅ ጎረቤት፣ አንዱ ያመጣው ቡሌ ለአራት መከፈሉ፣ የሊስትሮዎች ዕቁብ፣ ለታመመው መድኃኒት የተዋጣው ሳንቲም ሁሉ ይህን ይሸከማሉ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው፣ በእኔ አስተያየት፣ የቀብር ነገር ነው። አረጋውያኑ ሲናገሩ ከረሃብና ከብርድ ይልቅ የሚያስፈራቸው ቀባሪ ማጣት መሆኑን ይገልጻሉ፤ እድር የሚገባው ቤትና ጎረቤት ያለው ሰው ነውና። በመጨረሻው ትዕይንት የበረንዳው ሰዎች በመካከላቸው ትንሽ እድር ቢያቋቁሙ፣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ቢመርጡ፣ ስለ መዋጮው መጠን ቢከራከሩ፣ የመጀመሪያዋን ስም በካርቶን ጀርባ ላይ ቢጽፉ፣ ሳቅም ተስፋም በአንድነት ይገኛሉ።

የትርኢቱ ቀን

ለወረዳውና ለፖሊስ ጣቢያው በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ድምፅ ማጉያ የሚውልበትን ሰዓት መግለጽ አስቀድሞ የሚያልቅ ሥራ ነው። ትርኢቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ተጀምሮ ከ10 ሰዓት በፊት ያልቅ፤ ከመሸ በኋላ የሚያልቅ ትርኢት ተዋናዩን የመኝታ ቦታ ያሳጣዋል። የመጀመሪያው ቀን ለጎዳና ነዋሪዎችና ለሰፈሩ ብቻ ይሁን፤ ጎዳናውን የሚያውቅ ተመልካች ያልሳቀበት ቀልድና ያላመነው ትዕይንት በማግሥቱ ይስተካከላል። ሁለተኛው ቀን ለሁሉም ክፍት ይሆናል።

የተቀዳደደ ልብስ ለመድረክ አይሠራም። ተዋናዮቹ የወደዱትን ንጹሕ ልብስ ይልበሱ፤ ሌሊቱን የሚያሳየው ካርቶኑና መብራቱ ነው። በማስታወቂያው ላይ የሚያለቅስ ፊት አይወጣም፤ ስማቸው ወይም የመረጡት ስም ይጻፋል። በአዳራሹ ውስጥ የመዋጮ ሣጥን አይዞርም፤ መድረክ መሪውም ከመጨረሻው ዜማ በኋላ ማይክ ይዞ "ወገኖቼ" አይበል። ወጪን ለመሸፈን መግቢያ ማስከፈል ይቻላል፤ የተሸጠው ትርኢቱ ስለሆነ ነውር የለበትም፤ ለበረንዳ አዳሪ ግን በነፃ ነው። ፎቶና ቪዲዮ የሚፈቀደው ሁሉም በተስማሙበት በአንድ ዜማ ላይ ብቻ መሆኑን መሪው ከመጀመሩ በፊት ይናገራል።

ከትርኢቱ በኋላ

በዚያው ሳምንት የገቢና የወጪ ሒሳብ ለተሳታፊዎቹ ሁሉ በቃል ይነበባል፤ ትርፍ ካለ ክፍፍሉን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። ሳምንታዊው ማዕድና ስብሰባ ቢያንስ ለሁለት ወር ይቀጥላል። እንግሊዛዊው የዳንስ መምህር ሮይስተን ማልዱም እ.ኤ.አ. በ1996 በአዲስ አበባ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ለመድረክ ሲያበቃ፣ ከትርኢቱ በላይ የዘለቀው ከዚያ የተወለደው የአዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድንና የዓመታት ሥልጠናው ነበር፤ እዚህም ቢሆን አንድ ሁለት ሰው ክራር መማር ወይም ማዘጋጀት የሚፈልግ ከሆነ መንገድ ይፈለግለት። ለመታወቂያ የድጋፍ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ሰው ዝርዝሩ ተይዞ፣ በመስኮቱ ትዕይንት የተመዘገቡት ሐሳቦችም ተጨምረው ለወረዳው ይቀርባሉ።

ጽሑፉና ዜማዎቹ የተሳታፊዎቹ የጋራ ንብረት መሆናቸው በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ ማንበብ ለማይችሉት ተነብቦ፣ በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ይጸድቃል። የተቀዳው ዜማ በዩቲዩብ ይለቀቅ ወይስ አይለቀቅ የሚለውም በዚሁ ስብሰባ ይወሰናል፤ አንድ ሰው እንኳ ፊቱ እንዳይታይ ከጠየቀ የእርሱ ክፍል ይቆረጣል፤ መቁረጥ ካልተቻለ ቅጂው አይለቀቅም።